በኬዮን ሰዓት

ስሙን ያየችው በዋዜማው ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው የሯጮች ዝርዝር ውስጥ። "ቁጥር 47፣ አንሴልሞ ሌቪኮይ፣ ከኬዮን" ይላል። ኔቬንካ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። ጓንቷን አውልቃ ፊደሎቹን በጣቷ ነካቻቸው። ሰው አይቷት እንደሆነ ግራና ቀኝ ተገላመጠችና ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።

ሦስት ዓመት ሙሉ! አንድ ደብዳቤ የለ፣ "አለሁ" የለ፣ "ሞቻለሁ" የለ! አሁን ደግሞ ተነስቶ እዚህ ደቡብ ጫፍ፣ ፖርቬኒር ድረስ ሊሮጥ ይመጣል! ያውም በሐምሌ ብርድ፣ ያውም በዚያው በባሕሩ መንገድ። "ይሄ ሰው ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረለትም እንዴ?" አለች ጮክ ብላ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ቀና ብሎ አያት። ደንግጣ ሄደች።

ነገሩን ለማታውቁ እንዲህ ነው። ኔቬንካ የዶን ስቲፔ አንድያ ልጅ ናት። ዶን ስቲፔ ማለት ግማሽ ቀን በመኪና ቢነዳ መሬታቸው የማያልቅ፣ የበጎቻቸውን ቁጥር እሳቸውም በውል የማያውቁት ሰውዬ ናቸው። አንሴልሞ ደግሞ ሸርጣን ለመያዝ በየክረምቱ ከሰሜን፣ ኬዮን ካለችበት ከቺሎዌ ደሴት፣ ወደዚህ ከሚወርዱት ጀልባዎች በአንዷ ላይ ወጥመድ ጎታች ነው። አንድ ቀን በጓሮ በር ሸርጣን ሊሸጥ መጣ። በሩን የከፈተችው እሷ ነበረች። አንዱ ሸርጣን ጣቷን ቆነጠጣት፤ እሱ ሳቀ፤ እሷ ተቆጣች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችው።

ባሕር ላይ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤው የተያዘውን ሸርጣን ወደ ከተማ በሚያመላልሱት ጀልባዎች ይላካል፤ ወረቀቱ ናፍጣና ዓሣ እየሸተተ ይደርሳታል። ዶን ስቲፔ ሲሰሙ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። "የኔን ልጅ? ሸርጣን ለቃሚ? እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሆንም!" አሉ። ያኔ ነው የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው።

"ኔና፣ ቅዳሜ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ጀልባችን ከዓሣ አጥማጆቹ የእንጨት ወደብ ትገባለች። የምንቆመው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ውሃው ከሸሸ መውጣት አንችልም። የምትፈልጊኝ ከሆነ እዚያ ሁኚ፤ ይዤሽ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ካልመጣሽ ግን ይገባኛል። አልወቅስሽም፤ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።"

ሄደች። ሩብ ጉዳይ ለሦስት ላይ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛ፣ እዚያ እንጨት ላይ ቆማ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ባሕሩ ላይ ምንም የለም። እግሯ እስኪደነዝዝ በበረዶው ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች። ሩብ ጉዳይ ለአራት ሲሆን ከኋላዋ የመኪና ድምፅ ሰማች። አባቷ ነበሩ። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሻንጣዋን አንስተው ከኋላ ጫኑት፤ በሩን ከፈቱላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያችን ቅዳሜ አንስተው አያውቁም። ኔቬንካ በዕድሜዋ ሁሉ ከአባቷ ያየችው ትልቁ ደግነት ይኸው ዝምታቸው ነበር፤ እሱም ቢሆን ያቃጥላት ነበር።

መሮጥ የጀመረችው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አንድ ነገር ማድረግ ነበረባት። ሰው "ጤናሽን ጠበቅሽ" ይላታል፤ እሷ ግን የምትሮጠው ቤት ውስጥ ከሚጠብቃት ጸጥታ ነበር። ከአባቷ ጋር ገበታ ላይ ተቀምጠው የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ስሟን ጠርቶ "ምን ሆነሻል?" የሚላት ሰው የለም።

በሩጫው ዋዜማ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ነገር ቆረጠች። ነገ ትጠይቀዋለች። "ለምን ቀረህ?" ብላ ፊት ለፊት ትጠይቀዋለች። መልሱ ምንም ይሁን፤ ሰምታው መገላገል ፈለገች።

*

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰማንያ ሦስት ሯጮች አደባባዩ ላይ እየዘለሉ እጃቸውን ያፋትጉ ነበር። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አለቃ ዶን ኦቪዲዮ በድምፅ ማጉያው እንደልማዳቸው ይቀልዳሉ።

"ስሙኝ! ስትሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፤ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ስለዚህ መሄዱን ብቻ ቻሉት! ሌላ፤ ወደቡ ከሰዓት በኋላ በነፋሱ ምክንያት ይዘጋል። ወደ ማዶ የሚሻገረው መርከብ በስድስት ሰዓት ተኩል ይነሳል። ቀርፋፋ ሆናችሁ መርከብ የምትይዙ ካላችሁ ሜዳሊያችሁን በፖስታ እንልክላችኋለን!"

ሰዉ ሳቀ። ኔቬንካ አልሳቀችም፤ አይታው ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ከስቷል። በጆሮው አጠገብ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። እሱም ቀና ሲል አያት። ዓይኖቻቸው ገጠሙ፤ እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፤ እሷ ጎንበስ ብላ የታሰረውን የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች።

ሩጫው ተጀመረ። እሷ ቀርፋፋ ናት፤ ከኋላ ከቀሩት መካከል ሆና ቀስ እያለች ሄደች። እሱ ከፊት ርቆ ይታያታል፤ ሰማያዊ ሹራቡ በመንገዱ መጠምዘዣ ላይ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። መርከቡ ከሚቆምበት ወደብ አጠገብ አለፉ። ከዚያ በኋላ ቤት የለም፤ ባሕር፣ ጠጠር፣ ነፋስ ብቻ። ሰው በሰው መካከል እየሮጠ ይህን ያህል ብቻውን ሊሆን ይችላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። በሳልና በትንፋሽ መሃል ጥያቄዋን ትለማመደው ጀመር። "ለምን ቀረህ? ለምን ቀረህ?" እግሯም በዚያው ምት ወረደ።

መታጠፊያው እንግዲህ ሌላ ቦታ አይደለም፤ ያው የዓሣ አጥማጆቹ የእንጨት ወደብ ነው። አሥር ኪሎ ተኩል። እሜት ኤርሜሊንዳ ትልቅ ድስት ጥደው ትኩስ ሻይ በስኳር ያድላሉ። ሌላው ሯጭ ሁሉ ጠጥቶ ተመልሷል። እሱ ግን እንጨቱ ላይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ባሕሩን እያየ ቆሟል።

"ነይ ልጄ፣ ያዥ፣ አፍሽ ሰማያዊ ሆኗል!" አሉ እሜት ኤርሜሊንዳ። "እዚያ ያለውንም ጥሪው፤ ከቆመ ቆይቷል። በጤናው ነው?"

ኔቬንካ ሻዩን ይዛ ወደ እንጨቱ ሄደች። ዞር አለ።

"ደህና ነሽ ኔና?"

"ኔና አትበለኝ።"

"እሺ።"

"ለምን መጣህ? ኬዮን ውስጥ መንገድ ጠፋ?"

"ላይሽ ነው የመጣሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።" ድምፁ ሻክሯል። "ልወቅስሽ አይደለም። አልወቅስሽም ብዬ ጽፌ ነበር፤ አልወቀስኩሽም።"

ሻዩ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "ትወቅሰኝ? አንተ? እኔን?"

"ያልመጣሽው አንቺ ነሽ እኮ።"

"ማነው ያልመጣው?!" ጮኸች። ሦስት ዓመት የያዘችው ጥያቄ ድራሹ ጠፋ። "እዚህች ቦታ ላይ፣ ይቺ አንተ የቆምክባት ላይ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜያለሁ! እንደ ሞኝ! ሻንጣዬን ይዤ! አባቴ መጥተው እንደ ጠፋች በግ እስኪሰበስቡኝ ድረስ!"

"እኔ በሦስት ሰዓት ገብቻለሁ ኔቬንካ! ልክ በሦስት! ካፒቴኑ በእናቴ እየተሳደበ እስከ አራት ሰዓት አቁሜዋለሁ። የጫማሽን ዱካ በረዶው ላይ አይቻለሁ፤ ወዲያ ሄዶ፣ ወዲህ ሄዶ፣ የመኪና ጎማ ጋ ሲያልቅ አይቻለሁ። መጥታ፣ አስባ፣ አስባ፣ ተመለሰች አልኩ። ምን ልበል?"

"ውሸታም!"

"በእናቴ መቃብር!"

እሜት ኤርሜሊንዳ ጭልፋቸውን ይዘው ደርቀዋል። ኔቬንካ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ደቂቃ መቆም አልቻለችም፤ መሮጥ፣ መሄድ፣ መገላገል ፈለገች።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለች በቁጣ። "በውሸትህ የቆምኩት ይበቃኛል።"

የእጅ ሰዓቱን አየ። "አራት ከሩብ።"

"አራት ከሩብ?" አሉ እሜት ኤርሜሊንዳ ከድስታቸው አጠገብ። "በአሥራ አምስት ደቂቃ ነው አሥር ኪሎ ሜትር የሮጣችሁት? ኬንያዎቹ እንዳይሰሙ! አምስት ከሩብ ነው እንጂ! ሰዓትህ ቆሟል፣ የኔ ልጅ።"

"አልቆመም" አለ አንሴልሞ። "የኬዮን ሰዓት ነው። ጀልባችን ላይ ሁልጊዜ በኬዮን ነው የምንሠራው፣ ማንም አይቀይር..."

ቃሉን አልጨረሰውም።

እንግዲህ ፍረዱ። እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ሰሜኖቹ ክረምት ሲገባ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ እኛ በዚህ ጫፍ ያለነው አንነካውም። እነሱ ጋ ሦስት ሲሆን እኛ ጋ አራት ነው። እሷም ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል። ግን የተሰበረ ልብ ሒሳብ አይሠራም። እሷ ለሦስት ዓመት "ቀረብኝ" አለች፤ እሱ ለሦስት ዓመት "ተመለሰች" አለ፤ አንዳቸውም "በማን ሰዓት?" ብለው አልጠየቁም።

"አራት ላይ ነው የገባችሁት" አለች ኔቬንካ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "በእኛ አራት። እኔ የሄድኩት ሩብ ጉዳይ ነው።"

"አሥራ አምስት ደቂቃ" አለ።

"አሥራ አምስት ደቂቃ" አለች።

እሜት ኤርሜሊንዳ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ማልቀስ ጀመሩ። አንሴልሞ እንጨቱ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ያዘ። ኔቬንካ ቆማ አየችው። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያቆማት ቁጣዋ ነበር፤ ጠዋት ቀስቅሶ የሚያስነሳት እሱ ነበር። አሁን ቁጣውም ሄደ፤ ባዶዋን ቀረች።

*

በመልሱ አብረው ሮጡ። ነፋሱ ከኋላ ይገፋቸዋል። ትንፋሻቸው እኩል ይወጣ ይገባ ነበር። ኔቬንካ ይህን አምስት ኪሎ ሜትር ለምንም አትለውጠውም ነበር። ትከሻው ትከሻዋን ሲነካ ዓይኗን ትጨፍናለች።

"አንድ ጊዜ ደውዬ ነበር" አለ። "አባትሽ አነሱ። ዘጋሁት።"

"ምነው አንድ ቃል ብትላቸው!"

"ምን ልበላቸው? ሸርጣን ልሽጥልዎ?"

ሳቀች። ሳይታሰብ፣ ከልቧ፣ እንደ ድሮው ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ እርምጃውን ቀነስ አደረገ።

"ኔና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። በመስከረም ላገባ ነው።"

እግሯ አልቆመም። እንዴት እንዳልቆመ አታውቅም።

"ዶራሊሳ ትባላለች። አስተማሪ ናት። ጥሩ ሰው ናት" አለ እያለከለከ። "ስለ አንቺ ሁሉን ነግሬያታለሁ። እሷ ናት የላከችኝ። 'ሂድና አይተሃት ና፤ እኔ ግማሽ ሰው አላገባም' አለችኝ። 'ወይ ጨርሰህ ና፣ ወይ አትምጣ።' "

"ጎበዝ ሴት ናት" አለች ኔቬንካ። እውነቷን ነበር። ጠልታት ቢሆን ይቀላት ነበር።

የመርከቡ ወደብ ታየ። መርከቡ አፉን ከፍቶ የመጨረሻዎቹን መኪኖች እየዋጠ ነው። ስድስት ሰዓት አልፏል። አንሴልሞ መሮጡን ተወ፤ እሷም ቆመች።

"ሻንጣዬ እዚያ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ነው ያስቀመጥኩት" አለ። ሁለት እጇን ያዘ። ጓንት በጓንት ነው፤ ግን ሙቀቱ ተሰማት። "ኔና፣ እውነቱን አሁን ነው ያወቅነው። አንቺም አልበደልሽ፣ እኔም አልበደልኩ። 'ቅር' በይኝ፣ እቀራለሁ። አንድ ቃል ብቻ በይኝ።"

ቅር! ይህችን አንድ ቃል እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ይዛት ኖራለች። አፏን ከፈተች። ልትለው ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልትለው ነበር። ቀና ብላ ዓይኖቹን አየች።

ዓይኖቹ ይለምኗታል። ግን ምን ብለው እንደሚለምኑ ገባት። ሊቀር የመጣ ሰው ሻንጣውን አስቀድሞ መርከብ ላይ አያስቀምጥም። ሊቀር የወሰነ ሰው "'ቅር' በይኝ" አይልም፤ ይቀራል። ያ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የደረሰው ሰውዬ ይወዳት ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ያዝንላታል። "ዶራሊሳ" ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ራሱ አልሰማውም፤ እሷ ሰምታለች።

"ምን ብለህ ትቀራለህ አንተ!" አለች፣ ለመሳቅ እየሞከረች። "እኔም እኮ ሰው አለኝ።"

"ሰው?"

"አዎ። አታውቀውም። ከጤና ጣቢያው ነው፤ አምና ነው የመጣው። አባቴም ወደውታል። ዛሬ መጨረሻው መስመር ላይ ይጠብቀኛል፤ ሾርባ ይዞ። ደግሞ ቅናተኛ ነው፣ ቶሎ ሂድልኝ!"

ያኔ ፊቱ ላይ አየችው። መጀመሪያ የመጣው ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ ወዲያው ሐዘኑ ተከተለ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ። ኔቬንካ ግን ያቺን የመጀመሪያዋን አየቻት። ከሦስት ዓመቱ ሁሉ ያቺ አንዷ ትንፋሽ ትብሳለች።

"ደስ ብሎኛል" አለ። "እውነቴን ነው ኔና፣ ደስ ብሎኛል።"

"እኔም። ለዶራሊሳ ሰላም በላት። ሙሉ ሰው ነው የላክሁልሽ በላት።"

አቀፋት። ላብና ባሕር ባሕር ይሸታል። ከመርከቡ ጡሩንባ ተነፋ። አንሴልሞ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ እያየ ሮጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጇን አውለበለበችለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈገግ አለች። የመርከቡ አፍ ሲዘጋ ፈገግታዋን ምን እንደምታደርገው አጣች።

*

የቀረው አምስት ኪሎ ሜትር ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ደግሞ ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ትሮጠዋለች። ዛሬ ግን እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ትሮጣለች፣ ትራመዳለች፣ ትቆማለች። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው የለም። በስተግራዋ መርከቡ ወሽመጡን ይዞ እየራቀ ነው፤ እያነሰ ሄዶ ነጭ ነጥብ ሆነ፤ ከዚያ ማዕበሉ ይሁን መርከቡ መለየት አቃታት።

አለቀሰች። ማንም አይሰማትምና ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ነፋሱም ከአፏ ላይ እየነጠቀ ወሰደው። "ዋሸሁት" አለች። "በሕይወቴ አንድ ጊዜ ዋሸሁ፣ እሱም አመነኝ።" እንዳያምናት ፈልጋ እንደነበር ያወቀችው አሁን ነው። ትንሽ ቢጠረጥር፣ "ስሙ ማነው?" ብሎ ቢጠይቃት፣ የምትሰጠው ስም አልነበራትም። አልጠየቃትም።

አደባባዩ ስትደርስ ሰዉ ተበትኗል። ጠረጴዛዎቹ እየተነሱ ነው፤ የበግ ሾርባው ድስት ታጥቦ ተገልብጧል። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመጨረሻውን መስመር ጨርቅ ይዘው ሊጠቀልሉት ሲሉ አዩዋትና ቆሙ። ዶን ኦቪዲዮ ብቻቸውን አጨበጨቡ።

"ኔቬንኪታ! እኛ እኮ ነፋሱ ወሰዳት ብለን ነበር! ነይ፣ ነይ፣ እንደ ንግሥት ግቢ!"

መስመሩን ተሻገረች። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጠለቁላት፤ ብረቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። የዓይኗን መቅላት አዩና ነፋሱ ነው ብለው አለፉት። ዝርዝራቸውን አገላበጡ።

"ቁጥር 47 አልገባም። የሰሜኑ ልጅ። አይተሽዋል?"

"መርከቡን ይዟል" አለች። "ሄዷል።"

እርሳሳቸውን ላስ አድርገው ስሙን ሰረዙ። ከዚያ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግረው መንገዱን አዩ።

"እንግዲህ መስመሩን ልናነሳ ነው። ከኋላሽ የቀረ ሰው አለ?"

ኔቬንካ ዞር ብላ ረጅሙን የባሕር መንገድ አየችው።

"የለም፣ ዶን ኦቪዲዮ" አለች። "ከኋላዬ ማንም የለም። አንሱት።"